ጓሳ ላይ የላላው ዳዶ

እኔ የማምነው በሁለት ነገር ነው፣ በላይ በእግዚአብሔር፣ በታች በፍሬን። ጂኒ ታየኝ፣ ጠቋር መታኝ የሚል ሰው ሲገጥመኝ «ጠጅህን ቀንስ» ብዬ ነበር የማልፈው፣ ሚስቴ ትመስክር። ይህን የምነግርህ ግን በቀን፣ በባዶ ሆዴ፣ ጠብታ ሳልቀምስ ያየሁትን ነው፣ ከፈለግህ እመን፣ ካልፈለግህ ተወው።

ኢሕአዴግ ከገባ ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው፣ ከደብረ ብርሃን የእህል ወፍጮ ከነሞተሩ ተሳቢዬ ላይ ጭኜ ወደ ግሼ እሄዳለሁ። ወፍጮው ከራቤል ወዲህ ያለች የአንዲት መንደር ሴቶች በማኅበር ያስገዙት ነው፣ ወኪላቸው እትዬ ወደርየለሽ ጋቢና ከጎኔ ተቀምጠው መንገዱን ሁሉ ሲያዙኝ ነው የመጡት። ዕድሜ ልካቸውን በድንጋይ ገብስ ሲፈጩ ጣታቸው ተቆልምሟል፣ «ይኸን ሳላስገባ ደጄን አልረግጥም ብዬ ነው የወጣሁ» ይሉኛል። ክረምቱ ደግሞ ደርሷል፣ መንደሩ ሳይደረስ ያለው ወንዝ አንዴ ከሞላ እስከ መስከረም መኪና አያሻግርም፣ ስለዚህ ያን ቀን ካልገባን ሴቶቹ ክረምቱን ሙሉ በእጃቸው ሊፈጩ ነው።

ጓሳ፣ ያ ሰው የማይኖርበት የደጋ ሣር ሜዳ፣ መሀል ስንደርስ ከተሳቢው ግራ ጎማ ሲጥ ሲጥ የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ወርጄ ሞዞውን፣ የጎማውን እምብርት፣ ብነካው እጄን ለበለበኝ። ኩሽኔታው አልቋል። መጠባበቂያ ነበረኝ፣ በክሪክ አነሳሁና አሮጌውን አውጥቼ አዲሱን ግራሶ ቀብቼ ከተትኩ፣ እስከዚህ ምንም የለም። በዚህ መሀል ግን ጉሙ መጣ፣ የጓሳን ጉም ያላየ አይፍረድብኝ፣ የገዛ እጅህን ነው የሚወስድብህ፣ እትዬ ከመኪናው ፊት ጎማ ሥር ድንጋይ ሲወትፉ ድምፃቸው ብቻ ይሰማኛል።

እንግዲህ ልብ በል። ኩሽኔታ ከቀየርክ በኋላ ዋናው ነገር ኩሽኔታውን የሚይዘው ዳዶ ነው፣ ጎማውን እያሽከረከርክ ታጠብቀዋለህ፣ ከዚያ ትንሽ መለስ ታደርገዋለህ፣ አለዚያ ኩሽኔታው ታፍኖ ይነድዳል። ይህን ማንም ሾፌር ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ፣ ግን ያ ሁሉ ብረት ተጭኖ፣ ከፊቴ ያ ቁልቁለት እያለ፣ «ወልቆ ገደል ከሚገባ ቢጠብቅ ይሻላል» አልኩና መፍቻው ላይ ቱቦ ሰክቼ ግጥም አደረግሁት። ጎማው በመከራ ነው የሚዞር። ዳዶውን የሚቆልፈውን ሽቦ ላነሳ ዞር ብዬ ስመለስ፣ ጎማው ብቻውን ቀስ ብሎ ይዞራል፣ ዳዶውም አንድ ጥርስ ወደ ኋላ ተመልሷል።

«እትዬ፣ ነኩት እንዴ?» ብዬ ጮህኩ።

«እኔ እዚህ ሆኜ ምኑን እነካዋለሁ? ፍጠን እንጂ አንተ፣ ሰማዩ እያጉረመረመ!»

እንደገና አጠበቅሁ፣ ዞር ስል ከጀርባዬ ቀጭ አለ፣ አየሁት፣ ያው አንድ ጥርስ። ከጉሙ ውስጥ አንድ የቆመ ነገር ታየኝና ክው አልኩ፣ ቀረብ ብዬ ሳየው ጅብራ ነው፣ ያ ሰው የሚያክለው የደጋ ተክል። በራሴ አፈርኩ፣ ከማፈሬም ተናደድኩ። «ማንም ሁን ማን፣ ከእኔ ጋር እልህ አትጋባ!» ብዬ ለሦስተኛ ጊዜ ባለ በሌለ ጉልበቴ ሳብኩትና አሁንስ ዓይኔን ሳልነቅል ቆምኩ። እመነኝ፣ እያየሁት፣ ማንም ሳይነካው፣ ዳዶው ቀጭ ብሎ ተመለሰ። ከዚያ ሞዞው ላይ ኳ ኳ አለ፣ መካኒክ ሥራውን ሲጨርስ በመዶሻ መታ መታ እንደሚያደርገው።

በስመ ሥላሴ ብዬ አማተብኩ። ጎማውን ከላይና ከታች ይዤ ብነቀንቀው ወይ ፍንክች፣ ባዞረው ደግሞ እንደ እንዝርት ይሾራል። ልክ ነበር፣ አባቴ ይሙት፣ ልክ ነበር! «እሺ፣ አንተ እንዳልክ» አልኩ ለማን እንደምናገር ሳላውቅ፣ ሽቦውን ሰክቼ እንደ ልማዴ ወደ ቀኝ አጠፍኩት፣ ክዳኑን ገጥሜ፣ ክሪኩን አውርጄ ወደ ጋቢና ሮጥኩ።

መሐል ሜዳ ከተማ ስንደርስ ወርጄ ሞዞውን ዳሰስኩት፣ ቀዝቃዛ ነው። ከዚያ ያን ቁልቁለት ወረድነው፣ ወንዙ ጋ ስንደርስ ውሃው መደፍረስ ጀምሯል፣ እትዬ «ግባ! በእመብርሃን ግባ!» አሉኝ፣ ገባሁ፣ ውሃው ጎማውን እስከ ግማሹ ዋጠው፣ ወጣን! ዞር ብለን ስናይ ደራሹ ጎርፍ ግንድ እየገፋ ይመጣል።

እልልታው ከሩቅ ተቀበለን። እኔም ልቤ ሞልቶ እዚያው ተሳቢው ላይ እንዳለ ሞተሩን አስነሳሁት፣ ዱግ ዱግ ሲል መንደሩ አበደ፣ እትዬ ወደርየለሽ የተቆለመሙ ጣቶቻቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው «አረፋችሁ! አረፋችሁ ልጆቼ!» እያሉ ለጣቶቻቸው ሲነግሩ፣ ምን እዋሻለሁ፣ አለቀስኩ። እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ጠላው ሲቀዳ ግን ነገሩ አላስቀምጥ አለኝና ሄጄ የጎማውን ክዳን ፈታሁ። ሽቦው ወደ ግራ ታጥፏል።

እዚያው ጎማው አጠገብ እንደተቀመጥኩ እትዬ ሁለት ዋንጫ ይዘው መጡ። «ይኼ ያንተ፣ ይኼ የዚያ ሰውዬ። የት ወረደ?»

«የቱ ሰውዬ?»

«ያ ግራኙ ነዋ! ጉሙ ገለጥ ሲል አየሁት፣ አንተ ጋቢና ስትገባ እሱ ገና ጎማው ሥር ቁጭ ብሎ ይነካካ ነበር፣ ኋላም ተሳቢው ላይ ወጣ። የጓሳ ጠባቂ መስሎኝ፣ እንዲህ ያገዘንን ሰው ደረቅ ጉሮሮውን እንስደደው?»

የእሱን ዋንጫ ተቀብዬ ተሳቢው ጠርዝ ላይ አስቀመጥኩለት። ኋላ ስመለስ ባዶ ነው፣ ከመንደሩ አንዱ ጠጥቶት ይሆናል፣ ሰው ብዙ ነበር። ያቺን ጎማ ግን መኪናውን እስክሸጥ ድረስ ከፍቼ አላየኋትም፣ አንድ ቀንም አልጋለችም።