የነካ ይቀመጣል

ኳ... ኳ... ኳኳኳኳ።

በቆርቆሮ ጠጠር ጨምሮ የሚያንቀጫቅጭ ሰው ያለ ይመስል ነበር። ድምፁ የሚመጣው ከዳገቱ ላይ ነው። ልጅቱ በጋራዡ ጨለማ መጋዘን ውስጥ እሳት ማጥፊያ ፍለጋ መደርደሪያውን በዳበሳ ስታስስ፣ እጇ ባለበት ደርቆ ቀረ። ድምፁን ታውቀዋለች። ቤንዚን ያነሰው፣ አየር የበዛበት ሞተር እንዲህ ነው የሚጮኸው። አባቷ «ርሃብ» ይለዋል። «ተራበ ማለት ነው ልጄ። ቶሎ ካላጎረስሽው ራሱን ይበላል።»

«አባዬ፣ እግርህን ከነዳጁ አንሳ!» አለች ለጨለማው።

ኳኳታው ቀጥ አለ። ጎማ ሲጢጥ አለ፤ ከዚያ ከኩርባው ገደል ሥር አንድ ከባድ ነገር ሲወድቅ ተሰማ።

ሞተርን በማድመጥ ብቻ በሽታውን ስለሚናገር ሰው ሁሉ «ጆሮ» የሚለው አባቷ፣ ሐኪም እስኪደርስ አልጠበቀም፤ እዚያው ገደሉ ሥር አረፈ።

ልጅቱን ከሐዘኑ ይልቅ ፍርሃቱ ቀድሞ ያዛት። አባቷ ለሙከራ ያወጣው መኪና የአርባ ዓመት አዛውንት ነው። ቱርቦ ተገጥሞለት አየሩ ሲበዛ ቤንዚኑ አልበቃ አለው፤ አባቷም በዋዜማው «ሰፋ ያለ ጂግለር ግጠሚለት» አላት። ጂግለር ቤንዚን የሚያልፍባት ቀዳዳ ያላት፣ ከጥፍር የማትበልጥ የነሐስ ብሎን ናት። አሮጌዋ ጠባቧና አዲሷ ሰፊዋ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ነበሩ፤ አንዷን ገጠመች፣ አንዷን ኪሷ ከተተች። ተሳስቼ ያችኑ ጠባቧን መልሼ ገጥሜያት ቢሆንስ? ቁጥሩ ጀርባዋ ላይ ተቀርጿል፤ አውጥቶ ማየት ነበር። አልደፈረችም። ሁለት ቀን እህል ሳትቀምስ፣ ኪሷ ውስጥ ጨብጣት ዋለች።

በሦስተኛው ቀን አንዲት የፖሊስ መርማሪ ጋራዡ መጣች። አጭር ሴት ናት፤ መነጽሯ በክር ታስሮ አንገቷ ላይ ይንጠለጠላል።

«እኔ መንጃ ፈቃድ እንኳን የለኝም» አለች ወንበር ስባ። «እንደ ሕፃን አስረዱኝ። ቤንዚን ከታንከሩ ተነሥቶ ወዴት ይሄዳል?»

«እኔን ይለፉኝ እቴ» አለ የመኪናው ባለቤት፣ ጥርስ ሐኪሙ። «ኮፈኑን ልክፈት ስል የዕቃ መጫኛው ነው የሚከፈትልኝ።»

«እውነቱን ነው» አለ ከቅጥነቱ የተነሳ «ካቻቢቴ» የሚሉት ፎርማን። «ባለፈው ወር የሞተር ዘይቱን የገለበጠው መስታወት ማጠቢያው ውስጥ ነው።»

መርማሪዋ ወደ ፎርማኑ ዞረች።

«እሺ፣ አንተ ንገረኝ።»

«ፓምፕ ይስበዋል፣ መቆጣጠሪያ ይገፋዋል፣ ካርቡራቶር ሲደርስ ጂግለር ይመጥነዋል። ቱርቦው አየር ሲነፋ ቤንዚኑም አብሮ መገፋት አለበት። ለዚያ ከቱርቦው ወደ መቆጣጠሪያው የምትሄድ ቀጭን የጎማ ቱቦ አለች። ‹እየነፋሁ ነው፣ ግፋ› ብላ የምታሳብቅ።»

«ብትደፈንስ?»

«ቆሞ ሲሠራ ማንም አያውቅም። ጆሮም ቢሆን አይሰማውም። ዳገት ላይ ሲረገጥ ነው የሚራበው። ፒስተኑ ይቀልጣል፣ ሞተሩ ይነክሳል፣ ማለትም ይደርቃል፣ የመኪናው ጎማም መዞሩን ያቆማል።»

«ያን ቀን አብረህ ያልሄድከው ለምንድን ነው?»

«በሩን ከፍቼ ገብቼ ነበር። ጆሮ ‹ውረድ፤ የነካ ይቀመጣል› አለኝ።»

የጋራዡ ሕግ ነው። ሞተሩን መጨረሻ የነካ ሰው ለሙከራ ሲወጣ ከሾፌሩ ጎን ይቀመጣል። ሥራህን በነፍስህ አስይዝ ማለት ነው።

መርማሪዋ መነጽሯን አድርጋ ወደ ልጅቱ ዞረች።

«መጨረሻ የነካሽው አንቺ ነሻ። ታዲያ ወንበርሽ ለምን ባዶ ሆነ?»

ልጅቱ ወደ መጋዘኑ አመለከተች። «እሳት ማጥፊያ... ላመጣ ገብቼ...»

«ይተዋት እባክዎ!» አለ አጎቷ፣ የጆሮ ታናሽ ወንድም። ትከሻዋን አቀፋት። «ልጅ ናት። ብትሳሳትም ሳታውቅ ነው።»

«እርስዎስ? የቤንዚኑን መንገድ ይንገሩኝ።»

«ከታንከር በፓምፕ ወደ ካርቡራቶር። ጂግለሩ ከጠበበ ይራባል። በቃ።»

«ሌላ የለም?»

«ምንም የለም።»

«ቱርቦውን የገጠመው ማነው?»

«እኔ፤ በነዚህ እጆቼ» አለ፣ ኩራት ቢጤ እየዳዳው።

በማግስቱ ከቀትር በፊት ሁሉም ከገደሉ በወጣው ሞተር ዙሪያ ተሰበሰቡ። መርማሪዋ ጠረጴዛው ላይ ጨርቅ አነጠፈች።

«አራቱ ካንዴላዎች እንደ ኖራ ነጭ ናቸው፤ ቤንዚን ሲያንስ እንዲህ ይነጣሉ። ሞተሩ በርሃብ ነው የሞተው። ይቺ ደግሞ ከካርቡራቶሩ የወጣች ጂግለር ናት። አንብብ።»

ካቻቢቴ ወደ ብርሃኑ አስጠጋት። «መቶ ሃምሳ። ሰፊዋ ናት።»

ልጅቱ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች።

«ልጅቱ አልተሳሳተችም። ርሃቡ የመጣው ከዚህ ነው።» መርማሪዋ ቀጭኗን ቱቦ በምላጭ ሰነጠቀችና አራገፈች። አንዲት የኩሽኔታ ኳስ ጠብ ብላ ተንከባለለች። «እንግዲህ ማን ወተፋት? ጥርስ ሐኪሙ ኮፈን መክፈት አያውቅም። ካቻቢቴ ወጥመዱን ራሱ አጥምዶ ቢሆን ኖሮ ዘሎ ወጥመዱ ውስጥ አይገባም ነበር። ልጄ፣ እሳት ማጥፊያ አምጪ ያለሽ ማነው?»

«አጎቴ።»

«አገኘሽው?»

«መጋዘኑ ውስጥ አልነበረም።»

«አይኖርማ። መኪናው ውስጥ፣ ከወንበሩ ሥር በብሎን ታስሮ ነው ያገኘነው። ማን አሰረው?»

«እሱ ነው፤ በዋዜማው» አለ ካቻቢቴ ወደ አጎትየው እያየ። «መፍቻውን ያቀበልኩት እኔ ነኝ።»

«ረሳሁት! ሰው አይረሳም?»

«ይረሳል እንጂ። በገዛ እጅዎ የገጠሟትን ቱቦም ትናንት ረሷት፤ ጂግለሩን ግን አልረሱም።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አንድ ነገር ቀረኝ። ጆሮ ሕጉን ጥሶ ብቻውን ለምን ወጣ?»

ካቻቢቴ አንገቱን ደፋ። «ይሄ ሰውዬ መጥቶ ‹ልጅህ ፈርታለች፣ አትመጣም› አለው። ጆሮ ባዶውን ወንበር አየና ሞተሩን አስነሳ።»

አጎትየው ጠረጴዛውን በጡጫ መታ። «ሃያ ዓመት! እሱ ጆሮ ሲባል እጁ እኔ ነበርኩ። የጋራዡን ቁልፍ ግን ለእሷ ሊሰጥ... መግደሉን አላሰብኩም! ሞተሩ ነክሶ ደንበኛው ፊት እንዲያፍር ብቻ ነው።»

«ሞተሩን ብቻ ፈልገው ቢሆን ኖሮ» አለች መርማሪዋ፣ «ልጅቱን ከወንበሯ አያነሷትም ነበር።»

መርማሪዋ ወደ በሩ በእጇ ጠራች። ደጅ ቆመው የነበሩ ሁለት ፖሊሶች ገቡ።

«ልጄ» አለ አጎትየው እጁን ወደ እሷ ዘርግቶ፤ ያቀፋት እጅ ነው። «አንቺን እኮ አውጥቼሻለሁ። አውጥቼሻለሁ እኮ!»

ልጅቱ መዳፏን ከኪሷ አወጣች። የጨበጠቻትን ጂግለር ገልብጣ አየቻት፤ መቶ ሠላሳ። ከሰፊዋ ጎን አስቀመጠቻት። በጨርቁ ጠርዝ ጣቶቿን አንድ በአንድ ጠረገች፣ አባቷ ሥራ ሲጨርስ እንደሚያደርገው። ከዚያ በመካከላቸው አልፋ ወጣች፤ በእግሯ፣ ወደ ዳገቱ፣ አባቷ ወደ ወደቀበት ኩርባ።

«ወዴት ነው?» አላት ካቻቢቴ ከበሩ።

«የነካ ይቀመጣል» አለች ሳትዞር።