የሚወጡ ሰዎች ስም

ፈጠራ ነው የምትሉ ካላችሁ ከአሁኑ እለፉት። አልቀየማችሁም። እኔ ግን የደረሰብኝን ነው የምጽፈው።

ቅዳሜ ነበር። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ፀሐይዋ ወለል ብላ ወጥታለች።

ወንድሜ መኪናውን ሐይቁ ዳር ባለው መናፈሻ በር ላይ አቆመ።

አባታችን ሲሞት እኔ አራት ዓመቴ ነበር። ጫማዬን ያሰረልኝ፣ ትምህርት ቤት ያደረሰኝ፣ ሲያተኩሰኝ አጠገቤ ያደረው ወንድሜ ነው። ጋሼ እለዋለሁ። እሱ ሚጣ ይለኛል። ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ ዛሬም ሚጣ ነኝ።

አምና በዚሁ ወር ሚስቱ እዚህ ሐይቅ ውስጥ ሰጠመች። የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች።

አስከሬኗ አልተገኘም።

ዓመቱን ሙሉ እህል አይቀምስ፣ ሰው አያናግር። ባለፈው ሳምንት ግን ድንገት ፊቱ በርቶ መጣ።

"ሚጣ፣ እዚያው ሄጄ ልሰናበታት። ብቻዬን አልችልም።"

እንዴት እምቢ ልበል? እሳት ውስጥ ግቢ ቢለኝ እንኳ እገባ ነበር።

ስንወጣ እማዬ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች።

"ኧረ እማዬ፣ ነገ እኮ እመለሳለሁ!" ብዬ ሳቅኩባት።

አልሳቀችም። የሟቿን ቢጫ ጃኬት ከቁም ሣጥን አውጥታ አለበሰችኝ። "የውሃ ዳር ብርድ ክፉ ነው። እንዳታወልቂው።"

ኪሱ እርጥብ ነበር።

ዓመት ሙሉ ተሰቅሎ የከረመ ጃኬት...

በሩ ላይ ያለው ጥበቃ ሽማግሌ ነው። የሚያርፉበትን ዓይነት በቃሉ ዘረዘረልን። "የእንጨት ጎጆ አለ፣ አልጋና ቁልፍ ያለው። መኪና አጠገብ የሚተከል ድንኳን አለ፣ መብራት አለው። ውሃው ዳር ግን ጠረጴዛና የእሳት ማንደጃ ብቻ ነው። ሙቅ ሻወሩ የጋራ ነው።"

"ጎጆ!" አልኩ ቶሎ ብዬ። እኔ መሬት ተኝቼ ጉንዳን የማስተናግድ ሰው አይደለሁም።

"የድንኳን ቦታ ቁጥር ዘጠኝ" አለ ጋሼ። "ውሃው ዳር።"

ጎጆዎቹ በሙሉ ባዶ ነበሩ። ግቢው ውስጥ ከእኛ በቀር አንድም መኪና የለም።

ጥበቃው ካርድ ሰጠው። አምና ሰው ከሰጠመ ወዲህ የመጣ ደንብ ነው አለን። ከላይ የገቡት ሰዎች ስም፣ ከታች የሚወጡት ሰዎች ስም ይጻፋል፤ ከዚያ ድንኳኑ አጠገብ ያለው እንጨት ላይ ይሰካል።

ጋሼ በክንዱ ከልሎ ጻፈ።

"ፈተና ነው እንዴ?" ብዬ ቀለድኩበት። ቀና ብሎም አላየኝ።

"ሁለት ገብታችኋል፣ ሁለት ትወጣላችሁ" አለ ጥበቃው። "እኔ የምቆጥረው ራስ ነው። ፊት አላይም።"

ቁጥር ዘጠኝ ስንደርስ ጋሼ ዕቃ አወረደ። አንድ ድንኳን። አንድ ፍራሽ። አንድ ኩባያ።

"የአንተስ?"

"አለ።"

መኪናውን ደግሞ አፍንጫውን ወደ መውጫው አዙሮ ነው ያቆመው። ሞተሩን አላጠፋም...

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሻወር ልወስድ ሄድኩ። ሐሰት አልናገርም፣ ቤቱ ንጹሕ ነው፣ ውሃው ይፋጃል። ጃኬቱን በሩ ጀርባ ሰቀልኩት።

ታጥቤ ለባብሼ ስዞር ጃኬቱ የለም።

ሲሚንቶው ላይ የባዶ እግር ዱካ አለ። እርጥብ። ከሐይቁ በኩል ይመጣል... እኔ የነበርኩበት በር ጋ ይቆማል።

ተመልሶ የሄደበት አልነበረም።

ጫማዬን ሳላደርግ ወደ ድንኳኑ ሮጥኩ። ጋሼ ጀልባ የሚታሰርበት ርብራብ ላይ ቁጢጥ ብሏል። ለውሃው ያንሾካሹካል።

"አምጥቻታለሁ... ቃሌን ጠብቄያለሁ።"

ጆሮውን ወደ ውሃው አዘንብሎ አዳመጠ።

"አዎ። ሁለታችንም ተስማምተናል።"

ዓይኔ ካርዱ ላይ ወደቀ።

የገቡ፦ የእሱ ስም። የእኔ ስም።

የሚወጡ፦ የእሱ ስም...

የሚስቱ ስም።

እግሬ አውጪኝ አልኩ። በሩ ጋ ስደርስ ትንፋሼ ተቆርጧል።

"አባባ፣ ይክፈቱልኝ! በእናትዎ!"

"ሁለተኛው ሰው የታለ?"

"ወንድሜ... ወንድሜ እኮ ለሐይቁ ሊሰጠኝ ነው!"

"እህቴ፣ አንድ ነሽ" አለኝ እንደ ዋዛ። "ሁለት ነው የገባችሁት።"

ከኋላዬ መኪና መጣ።

የጋሼ ነው። በመስታወቱ ፊት ለፊት ተያየን። "ጋሼ! ሚጣ ነኝ እኮ! ጋሼ!"

እንባው ይወርዳል። እግሩን ግን ከነዳጅ መስጫው ላይ አላነሳም። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ሲባል ስሰማ ተረት ይመስለኝ ነበር።

አጠገቡ ቢጫ ጃኬት የለበሰች ሴት ተቀምጣለች። ቆቡን ደፍታዋለች። ከመኪናው በር ሥር ውሃ ይንጠባጠባል።

ጥበቃው ጎንበስ ብሎ ቆጠረ። "አንድ... ሁለት..."

ከዚያ ጭኗን አይቶ ሦስተኛ ጣቱን አነሣ፤ መልሶ አጠፈው።

"እለፉ።"

የመውጫው ብረት ተነሣ። መኪናው ወጣ። ብረቱ ወረደ።

"እኔስ?" አልኩት።

"አንቺ ከሚወጡት ውስጥ የለሽም።"

ከኋላዬ ሐይቁ ሲንቦጫረቅ ሰማሁ። አንድ ነገር ከውሃው እየወጣ ነበር... አልዞርኩም። በአጥሩ ሽቦ ሥር ሾልኬ ወጣሁ፤ ጀርባዬ ላይ ጠባሳው ዛሬም አለ።

እግዜር ሳይደግስ አይጣላም፣ አስፋልቱ ላይ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር አገኘኝ። ሌሊቱን ሙሉ በመንገድ ላይ አንድ ነገር ብቻ ነው የምለው። እማዬ ጋ ልድረስ። እማዬ ጋ ልድረስ ብቻ። እሷ ታምነኛለች፣ እሷ እቅፍ ታደርገኛለች፣ ልጇን ትገሥጽልኛለች።

ልክ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ሲነጋ፣ የቤታችንን በር አንኳኳሁ።

እማዬ ከፈተች።

አየችኝ... ፊቷ አመድ መሰለ።

"እማዬ! ጋሼ እኮ..."

"ዝም በይ" አለች በሹክሹክታ። "ይሰሙሻል።"

በትከሻዋ ላይ አሻግሬ አየሁ። ጠረጴዛው ላይ ሦስት ኩባያ ተደርድሯል። ጋሼ አንገቱን ደፍቷል። የእኔ ወንበር ላይ ቢጫ ጃኬት የለበሰ ሰው ጀርባውን ሰጥቶኝ ተቀምጧል። ከወንበሩ ሥር ውሃ አቁሯል።

ጃኬቱን ያለበሰችኝ ማን እንደሆነች ያኔ ነው ትዝ ያለኝ።

ክንዷን ያዝኩ። "እማዬ፣ እኔ እኮ ልጅሽ ነኝ!"

ጣቶቼን አንድ በአንድ ከክንዷ ላይ አነሣች። ታለቅስ ነበር።

"ልጄ... አንቺ አንድ ነሽ። እነሱ ሁለት ነበሩ።"

በሩ ተዘጋ። ቁልፉ ሁለት ጊዜ ዞረ።

በባዶ እግሬ ደጃፉ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ...

ውስጥ ሕፃን አለቀሰ።

ከዚያ እናቴ እኔን ታስተኛበት በነበረው ድምፅ እሹሩሩ ማለት ጀመረች።