የኦኒ ዛፍ ቁስል

አርቪ ኮርሆነን የሞቱት በገዛ ግቢያቸው፣ ሠላሳ ዓመት ባሳደጉት፣ በርች በተባለ ባለነጭ ቅርፊት ዛፍ ሥር ነው። ዛፉ ደረታቸው ላይ ተጋድሟል። ቅጠሉ ገና መውጣቱ ነበር፤ የአገሩ ሰው «የአይጥ ጆሮ አከለ» የሚለው ዓይነት ለጋ ቅጠል። መርማሪ ሳካሪ አጎንብሶ አያቸውና ባርኔጣውን አወለቀ። ሬሳ ማየት እንጀራው ነው፤ የእኚህ ሽማግሌ የተገለጠ ዓይን ግን አንጀቱን በላው።

«ገዳዩ ይኸው!» አለ ቶይቮ፣ የሟቹ ታናሽ ወንድም፣ የአንድ ወጣት ኮሌታ ጨምድዶ። «ውሰደው እንጂ! ምን ትጠብቃለህ?»

«ኮሌታውን ልቀቅለት፤ ክንፍ የለው፣ አይበርም። ምን አየህ?»

«አላየሁም፤ ግን ግንዱን ተመልከተው! ግማሹ በመጋዝ ተቆርጧል። ዛፍ ራሱን አይቆርጥም። ይቺ ባላም አጠገቡ ወድቃ ተገኘች፤ በእሷ ገፍቶ ነው የጣለበት። ለሠራተኞች ቀን ማዕድ ላይ ‹ያን ዛፍ ቁረጡት!› ብሎ የጮኸውም እሱ ነው።»

ወጣቱ ቬይኮ ይባላል። በየዓመቱ ከሠራተኞች ቀን እስከ መኸር በዚህ እርሻ ላይ ተቀጥሮ ይሠራል።

«ብለሃል?» አለው ሳካሪ።

«ብያለሁ» አለ ቬይኮ መሬት መሬት እያየ። «ዛፉ የልጃቸው የኦኒ ነው፤ የተወለደ ዕለት ነው የተከሉት። ጦር ሜዳ አብረን ነበርን። እኔ ተመለስኩ፣ እሱ ቀረ፤ ሬሳውም አልተገኘም። እናቱ እማማ ሂልያ ግን ‹ዛፉ እስካለ ልጄም አለ› ብለው ሰባት ዓመት ሙሉ ሳህን ያቀርቡለታል። ባዶ ሳህን! እኔ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ እበላለሁ። መሮኝ ተናገርኩ። ቅርፊቱን እንኳ አልነካሁም።»

«ሲሰሙህ አርቪ ምን አሉ?»

«ምንም። ፊታቸው አመድ መሰለ። ማንኪያቸውን አስቀምጠው ወጡ።»

ሳካሪ ወደ ጉቶው ሄደ። አባቱ የደን ጠባቂ ነበር፤ እሱም ሲያስብ የበርች ጭራሮ ማኘክ ከአባቱ ወርሷል። ጉቶው ወገቡ ድረስ ይመጣል። ግማሹ ተገንጥሎ ነጭ ሆኖ ይታያል። በመጋዝ የተቆረጠውና ከቤቱ ተቃራኒ ያለው ግማሽ ግን ብርቱካንማ ልጋግ ለብሷል፤ ልጋጉ እስከ ሥሩ ወርዷል። አሸተተው፤ ይኮመጥጣል። በመጋዙ ስንጥቅ ውስጥ ደግሞ ግራጫ ጭቃ ተለስኖበታል፤ የአውራ ጣት አሻራም ቀርቶበታል። የራሱን አውራ ጣት ለካበት፤ የእሱ ከአሻራው ሰፋ። ቶሎ እጁን ሰበሰበ።

ከዚያ የባላዋን ጫፍ፣ የሟቹንም መዳፍ አየ። ሁለቱም ላይ የበርች ቅርፊት ነጭ ዱቄት አለ።

የሟቹ ሚስት እትዬ ሂልያ ወጥ ቤት ተቀምጠዋል። ሬሳውን እንዳያዩ ብሎ ቶይቮ በር ዘግቶባቸዋል።

«ጠዋት ነፋስ ነበር?» አላቸው ሳካሪ።

«ኃይለኛ። አንድ ነገር ሲወድቅ ተሰማን። አርቪ ገንፎውን ሳይጨርስ፣ ኮት እንኳ ሳይደርብ ሮጦ ወጣ።»

«ከዚህ መስኮት ዛፉ ይታያል?»

«ደህናው ጎኑ ይታያል። የተቆረጠው በወዲያ ነው።»

ሳካሪ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። የተቆረጠው በየት በኩል እንደሆነ ዛሬ ማንም አልነገራቸውም።

«መጋቢት ላይ ምን ተፈጠረ?» አለ ቀስ ብሎ።

«ቄሱ አስጠሩት። የኦኒን ስም ቤተ ክርስቲያኑ ድንጋይ ላይ፣ ከሞቱት ጋር ሊቀርጹት። እሱም ሲመለስ ምንም አላለኝ።»

«እርስዎስ አልጠየቋቸውም?»

«እኔና እሱ ስለ እንዲህ ያለ ነገር አንነጋገርም ነበር» አሉ እትዬ ሂልያ።

ሳካሪ ሁሉንም ጉቶው ዘንድ ሰበሰባቸው። እትዬ ሂልያም በሩን ከፍተው ደፉ ላይ ቆሙ።

«ቶይቮ፣ ዛፍ ስትቆርጥ የት ላይ ነው መጋዝህን የምታሳርፈው?»

«ሥሩ ላይ ነዋ። ይሄን ሕፃን ልጅም ያውቃል።»

«ታዲያ ይሄ ወገቤ ላይ ምን ይሠራል?»

ቶይቮ ጉቶውን ከሳካሪ ወገብ ጋር በዓይኑ አስተያየ። «በረዶ» አለ በመጨረሻ።

«በረዶ። የቆረጠው ሰው ቆሞ የነበረው በረዶ ላይ ነው፤ ያን ያህል በረዶ የሚቆየው ደግሞ እስከ መጋቢት ነው። ልጋጉንም ተመልከቱ። በረዶ ሲቀልጥ የበርች ሥር ውሃ ወደ ላይ ይገፋል፤ ቁስል ካገኘ በዚያ ያነባል። ውሃው ሲሰነብት ይሻግትና እንዲህ ይቀላል። ቅጠል ሲወጣ ማንባቱ ያበቃል። ቅጠሉ ይኸው ወጥቷል። ስለዚህ ይህ ቁስል ለሳምንታት ያለቀሰ ነው። ቬይኮ፣ መቼ መጣህ?»

«በሠራተኞች ቀን ዋዜማ፣ በኩኦፒዮ ከተማ አውቶብስ። በረዶው ጠፍቶ ነበር።»

የቶይቮ እጅ ከቬይኮ ኮሌታ ላይ ወረደ። «እንግዲያው በረዶው ሳለ እዚህ የነበርነው ሦስት ነን። እኔን ልትል ነው?»

«አይደለም። ከዛፍ የሚሸሽ ሰው ጀርባውን ነው የሚመታው። ወንድምህ ግን ደረታቸው፣ ጉንጫቸው፣ ሁለቱ መዳፎቻቸው በበርች ዱቄት ነጭተዋል። ዛፉን አቅፈውት ነበር። ባላዋም መግፊያ ሳትሆን ድጋፍ ነበረች።»

«እኔ የልብስ ገመድ መደገፊያ መስላኝ!» አለ ቬይኮ።

«ዛሬ ነፋሱ ባላዋን ጣላት። ገንፏቸውን ትተው ሮጡ፤ በእጃቸው ሊይዙት ሞከሩ። የቆረጡትም ራሳቸው ናቸው። ቄሱን ያነጋገሩ ዕለት ሆዳቸው አሮ መጋዝ አነሱ። ግማሽ ሲደርሱ ግን የሚቆርጡት ልጃቸውን መሰላቸው። ገዳይ የለም፤ ጉዳዩን ዘግቻለሁ።»

«ጭቃውንስ ምነው ዘለልከው?» አሉ እትዬ ሂልያ ከደፉ ላይ።

«እትዬ፣ ጭቃው ማንንም አልገደለም።»

«እኔ ነኝ የለሰንኩት። በመጋቢት በረዶው ላይ የመጋዝ ብናኝ አየሁ። ማወቄን ቢያውቅ ያፍራል ብዬ ሆዴ ውስጥ ቀበርኩት። እሱ ዓሣ ሊያጠምድ ሲወርድ ወጥቼ ቁስሉን እለስናለሁ። እኔ ላም ሳልብ እሱ ወጥቶ ይደግፋል። ባላዋን በየቀኑ አያታለሁ። እሱም ጭቃውን ያየዋል።» ወደ ሬሳው ዞሩ። «‹አርቪ፣ ተወው ይውደቅ፣ አንተ ትበልጥብኛለህ› ብለው ኖሮ! ይቺን ብቻ! ይሄን ልጅ ሲይዙትም ዝም ልል ነበር፣ የአርቪን ነውር ለመሸፈን። ቬይኮ፣ ይቅር በለኝ ልጄ።»

ዝም አይነቅዝም ይባላል። በዚህ ቤት ግን ነቅዞ ባለቤቱን ጣለ። ቬይኮ ሄዶ አቀፋቸው። ቶይቮም የቬይኮን ኮሌታ በሁለት እጁ አስተካከለለት።

ሬሳውን አስገብተው ካጠቡ በኋላ እትዬ ሂልያ «ቁጭ በሉ፣ ሳትበሉ ማንም አይሄድም» አሉ። ጥቁር ዳቦ ቆረሱ፤ ሳህን ደረደሩ። እጃቸው ልማዱን ሠራና ለአርቪም ለኦኒም አኖረ። ከዚያ ቆም ብለው ሁለቱን ሳህኖች አዩ። የኦኒን አንስተው በቀሚሳቸው ጠረጉና ቁም ሳጥን ውስጥ ከተቱት።

የአርቪንም ሊያነሱ እጃቸውን ዘረጉ። አልቻሉም።