በቆጠራው መዝገብ የተገኘች እናት

በፔንሲልቬንያ የድንጋይ ከሰል አገር፣ ከማዕድን ጉድጓዱ ብዙም በማትርቅ ጠባብ የእንጨት ቤት ውስጥ የሁዳክ ቤተሰብ ይኖር ነበር። አባት አንድሪው ጎህ ሳይቀድ ጉድጓድ ወርዶ፣ ሲመሻሽ ፊቱ ከሰል መስሎ የሚመለስ፣ ቃል የማያበዛ ሰው ነበር። እናት ጁስቲና ልብስ ስታጥብም ጎመን ስትከትፍም የምታንጎራጉር ቀጭን ሴት ነበረች። ሁለት ሴት ልጆች ነበሯቸው፤ ኦልጋ የአሥር፣ ቬርና የአራት ዓመት። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1949፣ ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር ጁስቲና ወንድ ልጅ ወለደች። ሕፃኑ ግን አንዲት ሌሊት እንኳ ሳያድር ሞተ። ከዚያ ወዲያ የጁስቲና እንጉርጉሮ ተቋረጠ። ምድጃው ጠፍቶ፣ ልጆቹ ተርበው፣ እሷ ባዶውን የሕፃን አልጋ ስትወዘውዝ ትውል ጀመር። አንድ ጠዋት ሁለት ሰዎች በመኪና መጥተው ወሰዷት። ሦስት ሳምንት አለፈ። አንድሪው ልጆቹን ወጥ ቤት ጠርቶ፣ «እናታችሁ ሆስፒታል ውስጥ አርፋለች» አላቸው። ሌላ ነገር አልጨመረም።

ከዚያች ቀን ጀምሮ የአሥር ዓመቷ ኦልጋ እናት ሆነች። እህቷን አጠበች፣ አበላች፣ ትምህርት ቤት አደረሰች። ከራሷ ሳህን ላይ ሥጋውን እያነሳች «እኔ ጠግቤያለሁ» ትላት ነበር። በአሥራ ስድስት ዓመቷ ትምህርቷን ትታ ሸሚዝ ፋብሪካ ገባች፤ ለቬርና ጫማ ለመግዛት። በየዓመቱ በጥቅምት ቬርናን ይዛ ቤተ ክርስቲያን ትሄድና ለእናታቸው ነፍስ ሻማ ታበራለች። ቬርና ስታለቅስ ኦልጋ ግን ዓይኗን ሻማው ላይ ተክላ ዝም ትላለች። ቬርና እህቷን ልበ ጠንካራ ናት ብላ ታስብ ነበር... በዚያ ዝምታ ውስጥ ምን እንደሚነድ በምን ታውቃለች?

አባታቸው የከሰሉ አቧራ ሳንባውን በልቶት ሞተ። ቬርና አገባች፣ ወለደች፣ ባሏን ቀበረች። ኦልጋ ሳታገባ አርጅታ፣ እግሯ አልሸከም ሲላት አረጋውያን መጦሪያ ገባች። ቬርና በየእሑዱ ድንች የተሞላ የሊጥ ቅቅል በቅቤ አብስላ ትወስድላት ነበር። ሁለቱ እህቶች በዓለም ላይ እርስ በርሳቸው እንጂ ሌላ የልጅነት ምስክር አልነበራቸውም።

በ2022 የጸደይ ወራት፣ ለሰባ ሁለት ዓመት በሕግ ታሽጎ የኖረው የ1950 የሕዝብ ቆጠራ መዝገብ ተከፈተ። አገሩ ሁሉ የአያት የቅድመ አያቱን ስም ፍለጋ ኮምፒውተር ላይ ተጣደ። የቬርና ልጅ ቴሪም የቤተሰቡን ታሪክ ስትለቃቅም የኖረች ናትና እናቷን አጠገቧ አስቀምጣ ትፈልግ ጀመር።

«እማዬ፣ አገኘኋችሁ። አንድሪው ሁዳክ፣ ሠላሳ ስድስት ዓመት፣ የከሰል ማዕድን ሠራተኛ። ኦልጋ አሥራ አንድ። ቬርና አምስት።»

ቬርና መነጽሯን አስተካክላ ወደ ስክሪኑ ተጠጋችና ሳቀች። «አቤት፣ ያቺ የፊት ጥርሷ የወለቀ ልጅ እኮ እኔ ነኝ።»

ቴሪ ግን አልሳቀችም። «ሴት አያቴ የሞቱት መቼ ነው ያልሽኝ?»

«በ49፣ ጥቅምት ላይ። ምነው?»

«ቆጠራው የተካሄደው በ50፣ ሚያዝያ ላይ ነው። ወንድ አያቴን ‹ባለትዳር› ይላቸዋል። ሚስት ለሞተችበት ሌላ ምልክት አለ፤ እሱ አልተጻፈም።»

«ቆጣሪው ተሳስቶ ይሆናላ።»

ቆጣሪው አልተሳሳተም ነበር። አንድሪው ለልጆቹ ያለውን ቃል፣ በር ላይ ወረቀት ይዞ ለቆመው እንግዳ ሰው ሊደግመው አፉ እምቢ ብሎት ነበር። ቴሪ የሴት አያቷን ስም ጻፈች። ከከተማው ወጣ ብሎ ኮረብታ ላይ የነበረው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ታካሚዎች ዝርዝር ወጣ። በአንዱ ገጽ መካከል፣ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ፣ ጁስቲና ሁዳክ፣ ታካሚ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ባለትዳር ይላል።

ቬርና ያን ኮረብታ ታውቀዋለች። ሥራ ላይ በነበረችበት ጊዜ አውቶቡሱ በየቀኑ በግቢው አጥር ሥር ያልፍ ነበር። እሷም መስኮት ዳር ተቀምጣ ስለ እራት ታስብ ነበር። ከአጥሩ ወዲያ እናቷ ትተነፍስ ነበር! ስንት ጠዋት? ስንት ማታ? ካፖርቷንና ለኦልጋ ያበሰለችውን የእሑድ ምግብ አነሳችና ወደ እህቷ ሄደች።

ኦልጋ ምሳዋን እየበላች ነበር።

«እታለም፣ እማማ መቼ ነው የሞተችው?»

ኦልጋ ሹካዋን አስቀመጠች። «ማን ነገረሽ?»

«የመንግሥት መዝገብ። አንቺ ልትነግሪኝ ሲገባ።»

«በ71 ነው... የካቲት ላይ።»

«እኔ የሃያ አምስት ዓመት ሴት ሆኜ። ሁለት ልጅ ወልጄ።» የቬርና ድምፅ ቀጠነ። «በቁሟ ሻማ ስታበሪላት እጅሽ አልተንቀጠቀጠም?»

«አባባ እውነቱን ነግሮ አስምሎኝ ነው። ‹የእብድ ልጆች ከተባላችሁ ማንም በራችሁን አያንኳኳም› አለኝ። አሥር ዓመቴ ነበር፣ ቬርና።»

«ካደግሽ በኋላስ?»

«በየወሩ እየሄድኩ አያት ነበር።»

«ስለኔ አትጠይቅሽም ነበር?»

«ከኔ ደኅንነት በፊት አንቺን ነበር የምትጠይቀኝ። ሠርግሽ ሲቃረብ ካላየኋት ብላ አለቀሰችብኝ። የባልሽ ወገኖች ቢሰሙ ያፈርሱታል ብዬ ፈራሁ... ‹ቬርና ልታይሽ አትፈልግም› አልኳት።»

«እሷስ ምን አለች?»

«‹እውነቷን ነው። በቃ አታምጫት፣ ደስ ብሏት ትዳር› አለች። ከዚያ በኋላ ዳግመኛ ‹አምጪያት› አላለችም።»

ቬርና ያመጣችውን ምግብ ጠረጴዛው ላይ ትታ ተነሳች። በሩ ላይ ዘወር ብላ «ከዛሬ ጀምሮ እህት የለኝም» አለችና ወጣች።

በዚያ በጋ ቬርና የእናቷን መቃብር ስትፈልግ ከረመች። ሆስፒታሉ ከተዘጋ ቆይቷል። ከጀርባው ባለው ሜዳ ላይ ስድስት መቶ ያህል ትንንሽ ድንጋዮች ተተክለዋል፤ ስም የላቸውም፣ ቁጥር ብቻ። የትኛው ቁጥር የማን እንደሆነ የሚናገረው ደብተር የት እንደገባ የሚያውቅ ሰው ጠፋ። የሰባ ሰባት ዓመቷ አሮጊት በድንጋዮቹ መካከል እየተመላለሰች፣ በእያንዳንዱ ላይ እያጎነበሰች «አንቺ ትሆኚ እንዴ?» ትል ነበር። ልብ የሚችለው ስንቱን ነው?

«እማዬ፣ አክስቴ ያውቃሉ እኮ» አለቻት ቴሪ። «አንድ ጊዜ ጠይቂያቸው።»

«ከሷ ጋር አፌን አልከፍትም።»

እሑድ አልፎ እሑድ ሲተካ ኦልጋ መስኮቷ ሥር ተቀምጣ ጠበቀች። ማንም አልመጣም። ኅዳር ላይ ከመጦሪያው ስልክ ተደወለ። ኦልጋን የአንጎልን ደም ሥር የሚያጠቃው ስትሮክ መትቷታል። ቀኝ ጎኗ ሽባ ሆኗል፤ አንደበቷም ተይዟል።

ቬርና ስትደርስ እህቷ አልጋው ላይ እንደ ሕፃን ተጠቅልላ አገኘቻት። ኦልጋ አየቻት። ከንፈሯ ቃል ለማውጣት ታገለ፤ የወጣው ግን ትርጉም የሌለው ድምፅ ብቻ ነበር። እንባዋ በጉንጯ ወርዶ ትራሱ ላይ ጠፋ። ሰባት ወር ሙሉ ቬርና የሰበሰበችው የቁጣ ቃል ሁሉ ከንቱ ሆነ። እሷ ለመናገር ዘግይታለች፤ እህቷም ለመመለስ...

«እታለም» አለች የቀረላትን ጤነኛ እጅ ይዛ። «እማማ ያለችበትን አሳዪኝ።»

ሐኪሙ ከፈቀደ በኋላ፣ በአንድ ብርዳም ቀን ቴሪ ተሽከርካሪ ወንበሩን እየገፋች ሦስቱም ወደ ሜዳው ወጡ። ኦልጋ በብርድ ልብስ ተሸፍና ረድፎቹን በዓይኗ ታልፋለች። በመጨረሻም ግራ እጇን አነሳችና ጠቆመች። ቁጥር 418። ዙሪያው ያሉት ድንጋዮች የድንጋይ ሽበት አብቅለዋል፤ ይኼ ግን ሲፋቅና ሲታጠብ የኖረ ነው። ኦልጋ እግሯ እስኪከዳት ድረስ አርባ ምናምን ዓመት በሳር ላይ ተንበርክካ ስታጸዳው ኖራለች፤ ብቻዋን፣ ማንም ሳያያት።

ቬርና በጉልበቷ ወደቀች። «እማማ፣ ቬርና ነኝ። አልፈልግም ብዬ አይደለም የቀረሁት። መኖርሽን አላወቅኩም ነበር...»

ከኋላዋ የኦልጋ እህህታ ተሰማ፤ ቃል የሌለው፣ ከሆድ የሚወጣ ለቅሶ። ቬርና ተነስታ ወንበሩ ሥር ተቀመጠችና ራሷን በእህቷ ጉልበት ላይ ጣለች። «ይበቃል፣ እታለም። አንቺም ልጅ ነበርሽ። አንቺንም ያሳደገሽ አልነበረም።»

ኦልጋ በረዶው ሳይቀልጥ ሞተች። እናቷ አጠገብ እንዳትቀበር ሜዳው ለአዲስ መቃብር ዝግ ነበርና ከአባቷ ጎን አረፈች። ቬርና ለእናቷ ስሟ የተቀረጸበት ድንጋይ አስቆመች።

ዕጣ ፈንታ ሌላውን ሰው እናቱን አንድ ጊዜ ብቻ ይነጥቀዋል። ለቬርና ግን እንዲህ አልራራላትም። በአራት ዓመቷ ወጥ ቤት ውስጥ፣ በሰባ ሰባት ዓመቷ ስክሪን ፊት፣ ከዚያም ያሳደገቻት ኦልጋ ላይ አፈር ሲመለስ፣ ሦስት ጊዜ እናቷን አጣች። ሁለቱን ጊዜ ደኅና ሁኚ ሳትል ቀረች። የመጨረሻዋን ግን እጇን ይዛ ሸኘቻት።