ለአዋልዲጌሳ የተጫረ እሳት

በጨርጨር ተራሮች ግርጌ ባለች አንዲት መንደር ሰው ሲቀበር፣ በመጀመሪያው ምሽት መቃብሩን የሚጠብቅ ከቤተሰቡ አንድ ሰው ይወጣል። ኩበት ይዞ፣ ጋቢ ደርቦ፣ ዱላ ጨብጦ ይሄዳል። ጥበቃው ከአዋልዲጌሳ ነው። ቃሉ በኦሮምኛ መቃብር አፍራሽ ማለት ነውና፣ ስሙን ሰምቶ እንስሳው በእርግጥ ምን እንደሚበላ ለማየት የደከመ ሰው የለም።

ሽብሩ የዚያን ቀን ትንሽ ልጁን ትርንጎን ቀብሯል። ትኩሳት ሲያንቀጠቅጣት ሰንብታ ጠዋት ዝም አለች፣ ገላዋ ቀዘቀዘ፣ ከሰዓት በኋላ አፈር ለበሰች። በዚያ አገር ሬሳ ማሳደር ነውር ነው። አፈሩ ፊቷ ላይ እንዳይወድቅ አባቷ የግራር እንጨት ራሱ ቆርጦ ከበላይዋ ረበረበላት። እናቷ የሺመቤት «ቀስ በሉ፣ አፈሩን ቀስ በሉ» ትል ነበር። ሽብሩ አላለቀሰም። ለልጁ ሊያደርግላት የሚችለው አንድ ነገር ብቻ ቀርቶታል፤ ገላዋን ለአውሬ አለማስነካት።

ፀሐይ ስትጠልቅ ከጎረቤቱ ከሽማግሌው ከጋሽ ቱሉ ጋር ወጣ። ነፋስ አልነበረም፤ የተገለበጠ አፈርና የተቆረጠ ግራር ሽታ መንገዱ ላይ ተቀበላቸው፣ ቁጥቋጦው ውስጥ ይጮኹ የነበሩት ፌንጣዎች ወደ መቃብሩ በቀረቡ ቁጥር አንድ በአንድ ጸጥ አሉ። ከመቃብሩ ራስጌ ጀርባው የጎበጠ፣ ጆሮው የአህያ፣ አፍንጫው የአሳማ የሚመስል ነገር አፈር ወደ ኋላው ይበትን ነበር። ሽብሩ ዱላውን ወርውሮ ሮጠ። ሲደርስ እንስሳው የለም፤ ያለው ወደ ታች የሚወርድ ጥቁር ጉድጓድ ብቻ ነው።

«ወዴት ሄደ?»

ከመሬት ውስጥ ድምፅ መጣ። እንጨት ይፋቃል፣ ቆም ይላል፣ ደግሞ ይፋቃል።

«ገብቷል» አሉ ጋሽ ቱሉ። «ርብራቡን እየቧጠጠ ነው።»

«ልጄን ሊበላት ነው።»

«አይዞህ ልጄ። እንደ ጃርት እናጥነዋለን።»

ጃርት ማሳ ሲያበላሽ ጉድጓዱ አፍ ላይ ኩበትና በርበሬ ታጭሶ ይታፈናል። ጋሽ ቱሉ ወደ መንደር ወርደው በርበሬ አመጡ፣ ሽብሩ እሳት ጫረ፣ ጭሱን በጋቢው እያራገበ ወደ ውስጥ ሰደደው። ፍቀቱ ፈጠነ። ቀጥሎ ከጉድጓዱ ውስጥ የሳል ድምፅ ተሰማ።

የሽብሩ እጅ ቆመ። «ሳለ እኮ፣ ጋሽ ቱሉ።»

«እንስሳም ሲታፈን ይስላል።»

«ድምፁ ቀጭን ነው።»

«ታዲያ አዋልዲጌሳ ሲስል ሰምተህ ታውቃለህ?»

አያውቅም፤ ማንም አያውቅም። እንደገና ማራገብ ጀመረ። ያኔ ነው እንባው የወረደው፣ እሱም በርበሬው ነው አለ። ሳሉ እየራቀ፣ ፍቀቱ እየሳሳ ሄዶ ሁለቱም ጠፉ። ሽብሩ የጉድጓዱን አፍ በድንጋይ ደፈነ፣ ጭሱ እንዳይወጣ ጭቃ መረገበት፣ ከዚያም አፈሩ ላይ ግንባሩን ደፍቶ «ተኚ እናቴ፣ ማንም አይነካሽም» አላት። ከሞተችበት ሰዓት ጀምሮ ልቡ እፎይ ያለው ያን ጊዜ ነው።

ሰማዩ ሲገረጣ ጋሽ ቱሉ የታፈነውን አውሬ ቆፍረው ሊያወጡ ዶማ ይዘው መጡ። የጉድጓዱ አፍ እንደተመረገ ነበር፤ ሽብሩ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ወደ ማዶ ሲያይ አገኙት። ጠሩት፣ አልዞረም። እሳቸውም ዞረው አዩ፤ ዶማው ከእጃቸው ወደቀ።

ከማዶው ኩይሳ ሥር አዋልዲጌሳው ዓይኑን ጨፍኖ፣ ረጅም ምላሱን እየሰደደ፣ በጸጥታ ምስጥ ይለቅም ነበር።