ሰላማዊ የመረጠችው ሎሚ

ፍቃዱ ዓዲ ሓቂ በሚባለው ሰፈር፣ እነሰላማዊ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ሲከራይ፣ ሰላማዊ ይሄ አንገቱን የደፋ የደብረ ብርሃን ልጅ ልቤን ያስቸግረኛል ብላ አላሰበችም። ጦርነቱ አብቅቶ መንገዱም ስልኩም ከተከፈተ በኋላ ወደ ዩኒቨርሲቲው ከመጡት መምህራን አንዱ ነው። ጠዋት ሲወጣ መሬት መሬት ያያል፤ ሲገባም እንዲሁ። እሷ ከምትሠራበት ፋርማሲ በምትመለስበት ሰዓት ግን ቧንቧው ጋ የሚቆምበት ሰበብ አያጣም።

«ጀሪካንህ ቀዳዳ ነው እንዴ? ሁልጊዜ ውኃ ትቀዳለህ» ትለዋለች።

«አይ... አየሩ ይሞቃል፤ ያስጠማል» ይላል፤ በዚያ የኅዳር ብርድ።

እናቷ ወይዘሮ ለተኪዳን በመስኮት እየሰሙ ይስቃሉ። ፍቃዱ «ኣደይ» ነው የሚላቸው፣ እናቴ እንደ ማለት። ከመጣ የተማራት የመጀመሪያዋ የትግርኛ ቃል እሷ ናት።

በዚያው ሰሞን ሓየሎም የሚባል የዓዲግራት ነጋዴ ሽማግሌ ላከ። ነቀፋ የማይገኝበት ጨዋ ሰው ነው። ወይዘሮ ለተኪዳን ግን ልጃቸውን አላስገደዱም።

«ጓለይ፣ ልጄ፣ ለጥምቀት መልስ ይፈልጋሉ። ልብሽ ሌላ ጋ ከሆነ ንገሪኝ» አሏት።

ልቧማ ሌላ ጋ ነበር። ግን አፍ አውጥቶ ያልጠየቃትን ሰው ምን ብላ ለእናቷ ትንገር? «ላስብበት» አለችና ፍቃዱን መጠበቅ ያዘች።

ጥምቀት አንድ ሳምንት ሲቀረው ፍቃዱ በሩ ላይ ጠበቃት። ጆሮው ሳይቀር ቀልቷል።

«ሰላማዊ፣ ለአንዲት ልጅ የበዓል አበባ ልሰጥ ፈልጌ ነበር። ከነሥሩ ያለ፣ ተቆርጦ የሚጠወልግ ያልሆነ። እባክሽ አብረሽኝ መጥተሽ ምረጪልኝ።»

ሰላማዊ ክው አለች። አልሄድም እንዳትል ደግሞ ኩራቷ ያዛት።

ከሮማናት አደባባይ ዝቅ ብሎ መንገድ ዳር ችግኝ የሚሸጥበት ቦታ አለ። ጽጌረዳው፣ ጌራኒየሙ፣ ቡገንቪሊያው በጥቁር ላስቲክ እንደ ተተከለ ተደርድሯል። በመጀመሪያ በንዴት አንዱን እሾሃም ቡገንቪሊያ አሳየችው።

«ይሄ እኮ ይወጋታል!» አለ ደንግጦ።

ሳቋም መጣ፣ እንባዋም መጣ። ለዚያች ለማታውቃት ልጅ እንዲህ መጨነቁ አንገበገባት።

«ትወዳታለህ?»

«በጣም» አለና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን ከመሬት አንሥቶ አያት። ሰላማዊ ግን ፊቷን አዙራ ነበር።

ጥጉ ላይ ነጭ አበባ ያወጣ የሎሚ ችግኝ ቆሟል። ወንድ በጥምቀት ለወደዳት ልጅ ሎሚ እንደሚወረውር፣ ሎሚውን ያነሣች ልጅም እሺ እንዳለች እንደሚቆጠር ሁለቱም ያውቃሉ።

«ለጥምቀት ከሆነ ይሄን ውሰድላት» አለች። «ሌላው ዝም ብሎ አበባ ነው። ይሄ ግን ምን ልትላት እንደፈለግህ ይናገርልሃል።»

«ትቀበለኛለች ብለሽ ነው?»

«ሎሚ የምትመልስ ሴት ሞኝ ናት።»

የፍቃዱ ፊት በራ። እንዲህ ሲስቅ አይታው አታውቅም። ታክሲ ውስጥ ችግኙን ጭኑ ላይ አድርጎ እንደ ሕፃን ደግፎ ያዘው፤ እሷ ደግሞ በመስኮት ውጭ ውጭውን ታያለች። ቤት እንደገባች ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ፣

«ኣደይ፣ ለነሓየሎም እሺ በያቸው» አለች።

«ከልብሽ ነው ጓለይ?»

«ከልቤ ነው።»

ዝም አይነቅዝም ይባላል። ለእህል ይሆን እንደሆነ እንጃ፣ ለፍቅር ግን አይሠራም።

በጥምቀት ዕለት ታቦቱን ሸኝተው እንደተመለሱ፣ የነሓየሎም ሽማግሌዎች ሳሎኑን ሞልተው ስዋ የሚሉትን ጠላ ይጠጡ ነበር። ፍቃዱ ነጭ ለብሶ፣ ሎሚውን በቀይ ሪባን አስሮ ገባ።

«ዓሽ ወደይ፣ ልጄ! እንኳን አብሮ አደረሰን» አሉት ወይዘሮ ለተኪዳን። «በደግ ሰዓት መጣህ። እህትህን ለሓየሎም ልንድራት ነው፤ ዛሬ ቃል ሰጠን። ና መርቃት።»

ፍቃዱ ሽማግሌዎቹን አየ። ሰላማዊን አየ። ከዚያ ችግኙን በሁለት እጁ ለእናቷ አቀረበ።

«ኣደይ... ለግቢው ብዬ ነው ያመጣሁት።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ! በል እንግዲህ አንተው ትከለው። ሰላማዊ፣ ውኃ አቅርቢለት።»

አጥሩ ሥር ጎንበስ ብሎ ይቆፍራል። ሰላማዊ ውኃውን ይዛ አጠገቡ ቆመች።

«ለዚያች ልጅ አልነበረም እንዴ?»

«ለዚያች ልጅ ነው» አለ ቀና ሳይል።

«ታዲያ ለምን አትነግረኝም! በአፍህ፣ እንደ ሰው!»

«እዚህ አገር ሽማግሌ አድርጌ የምልከው ዘመድ የለኝም፤ ሎሚውን ልላክ ብዬ ነው። አንቺ ራስሽ ስትመርጪው ደግሞ የገባሽ መሰለኝ። እሺ ያልሽኝ መሰለኝ፣ ሰላማዊ። ሳምንቱን ሙሉ ከደስታ ብዛት እንቅልፍ አልወሰደኝም።»

«ገብቼ ቃሌን አነሣለሁ» አለች። እግሯም ተነሥቶ ነበር።

«ተይ። ልጄ ብለው ያበሉኝን ሰው በእንግዳ ፊት አላዋርድም።»

ከሳሎን ስሟ ተጠራ። ሰላማዊ ውኃውን ሥሩ ላይ አፈሰሰችና ገባች።

ፍቃዱ ወሩ ሳያልቅ ሌላ ግቢ ተከራየ። ኋላም ወደ አገሩ ተመለሰ አሉ።

ሓየሎም ደግ ባል ነው፤ ሰላማዊም ይህን አትክድም። ዘንድሮ ለጥምቀት ከዓዲግራት ስትመጣ ሎሚው አፍርቶ፣ ቅርንጫፉ ጎንብሶ አገኘችው። መሄጃዋ ሲደርስ እናቷ ይዛ የምትሄደውን እየለቀሙ በፌስታል ይሞሉላት ጀመር።

«እጁ ይባረክ» አሉ። «እንዴት ያለ ልጅ ነበር!»

ሰላማዊ አንዷን ሎሚ ከፌስታሉ መልሳ አወጣች። ከዚያ በኋላ ምስጢሯን መያዝ አልቻለችም።

«ኣደይ፣ ይሄ ሎሚ ለእኔ ነበር የመጣው።»

የወይዘሮ ለተኪዳን እጅ ቅርንጫፉ ላይ ቀረ።

«አንቺስ?»

«እኔም እወደው ነበር።»

እናቷ ቀስ ብለው ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ።

«ያን ቀን ጓዳ ጠርተሽ ብትነግሪኝ፣ ሽማግሌዎቹን እግራቸው ላይ ወድቄ እኔው እመልሳቸው ነበር» አሉ። «ጠይቄሽ ነበር እኮ ጓለይ። ከልብሽ ነው ወይ ብዬ ጠይቄሽ ነበር።»

ሰላማዊ ሎሚዋን ፌስታሉ ውስጥ መለሰች። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አፍ የሌለው ፍቃዱ ብቻ ይመስላት ነበር።