ማረን የከፈተችው ደብዳቤ

ሃልስታድ ስልሳ አንድ ሰው ብቻ የቀረባት፣ ባቡር እንኳ ሳይቆም የሚያልፋት በካናዳ የሳስካቸዋን ሜዳ ላይ ያለች ከተማ ናት። ቶቢያስ የሚባል እንግዳ የተዘጋውን የመምህራን ቤት ተከራይቶ፣ ደብተር ይዞ በየቀኑ የመቃብር ቦታውን መዞር ሲጀምር ሁሉም በጥርጣሬ አየው።

«መርዛማ ቆሻሻ ሊቀብሩብን ለሚፈልጉ ኩባንያዎች መሬት የሚያጠና ሰላይ ነው» አለ ሃልቮር፣ ለልጁ ለማረን። የከተማዋ ፖስታ ቤት ሠራተኛ እሷ ነበረች። «በየሳምንቱ ደብዳቤ ይመጣለታል ብለሽኛል። ክፈቺውና እንወቅ።»

«አባዬ፣ ወንጀል እኮ ነው።»

«ከተማችን ስትጠፋ ዝም ማለትስ?»

ቶቢያስ ደብዳቤውን ሊወስድ ሲመጣ ከሚገባው በላይ ይቆማል። ስለ ንፋሱ ይጠይቃታል፤ ስትመልስለት ዓይን ዓይኗን ያያል። ልቧ ይደነግጣል፤ መደንገጡም ያስጠረጥራታል። ሰላይ ቢሆን መጀመሪያ የሚያባብለው ደብዳቤው በእጇ የሚያልፈውን ሴት አይደል?

ሐሙስ ቀን ፖስታውን በማንቆርቆሪያ እንፋሎት ከፈተችው። የእናቱ ደብዳቤ ነበር።

«ልጄ፣ የእህትህን መቃብር አገኘኸው? ሳላገባ ስለወለድኳት፣ ሞታ ስትቀበር ስሟን እንኳ አልጻፉላትም። እኔንም ገና ሳላገግም አባረሩኝ።»

ከሥሩ ሌላ ሁለት መስመር ነበር። ማረን አንብባው ቁጭ አለች።

ቶቢያስ ሲመጣ አልደበቀችውም። «እኔ ነኝ የከፈትኩት» አለችው።

«ሰላይ መሰልኩሽ?»

«አዎ። ለምን አልጠየቅከንም?»

«እናቴን ማን እንዳባረራት አላውቅማ። ሁላችሁንም ጠርጥሬ ነበር።»

«እኔንም?»

«አንቺማ ያኔ አልተወለድሽም።» ሊስቅ ነበር፤ ግን የተከፈተውን ፖስታ አየና ይዞት ወጣ።

ማታ ለአባቷ ነገረችው። ሃልቮር ማንኪያውን አስቀመጠ። «ያኔ መቃብር ቆፋሪ ነበርኩ፤ ጨቅላዋን የቀበርኳት እኔ ነኝ» አለ። «የከተማው ሽማግሌዎች ምልክት እንዳላደርግ አዘዙኝ። እሺ አልኩ።»

በማግስቱ ቶቢያስን ራሱ ጠርቶ ከመቃብር ቦታው አጥር ጥግ አደረሰው። «እዚህ ነው» አለና ባርኔጣውን አወለቀ። ከዚያ ወደ ቤቱ ሄደ።

ቶቢያስ ሣሩን በእጁ እየዳበሰ ብዙ ቆየ። ማረን ራቅ ብላ ቆማ ነበር።

«ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው አነበብሽው?» አላት፣ ሳይዞር።

«አነበብኩት።»

«እንግዲያው እናቴ ስለ አንቺ የጠየቀችኝንም አይተሻል።»

«‹ያቺን የፖስታ ቤት ልጅ እንደምትወዳት ነገርካት ወይ?› ይላል።»

«ምን ብዬ ልመልስላት?»

ማረን መጥታ አጠገቡ ተንበረከከች። «ነገርኳት በላት» አለችው።